ዋኩላና ሊዮን ሲንክስ፦ ሁለት የውሃ ውስጥ ዋሻዎች መገናኘታቸው እንዴት ተረጋገጠ? ከድሬዳዋ የተጻፈ የጉዳይ ጥናት

ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ማንቆርቆሪያ የገዛ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ውስጡን ቢመለከት ነጭ ቅርፊት ተለጥፎበት ያገኛል። ቅርፊቱ ውሃው ሲፈላ የሚለየው ኖራ ነው፤ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየትኛው ድንጋይ ውስጥ እንዳለፈም ይመሰክራል። ውሃ የኖራን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ሟሙቶ የሄደው ድንጋይ ደግሞ በነበረበት ስፍራ ባዶ ቦታ ይተዋል። የማንቆርቆሪያዬን ቅርፊት በማንኪያ ፍቄ በጣልኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ባዶ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ኖራ የወጣበት ቀዳዳ የት ነው ያለው? ከየትኛው ሌላ ቀዳዳ ጋርስ ይገናኛል?

ጥያቄው በጥልቀት ተመርምሮ መልስ ያገኘበትን አንድ ቦታ ነው እዚህ የማቀርበው። ቦታው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የዋኩላ ምንጭ ነው። ዋኩላን የመረጥኩት በዓለም ረጅሙ የውሃ ውስጥ ዋሻ ስለሆነ አይደለም፤ በሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር የሚገኙት ዋሻዎች በርዝመት ብዙ ጊዜ ይበልጡታል። የመረጥኩት «ተገናኝተዋል» የሚለው ቃል ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳለው ከዚህ ጉዳይ የበለጠ የሚያሳይ ስላላገኘሁ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ በጠላቂዎች ጀብዱ ብቻ አላበቃም፤ የአንድ ከተማ ፍሳሽ ከከተማው ርቆ የሚገኝን ምንጭ እንዴት እንደደረሰበት የሚያስረዳ ስለሆነ፣ ከከርሰ ምድር ለሚጠጣ የድሬዳዋና የሐረር ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዋኩላ ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከታላሃሲ በስተ ደቡብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ትልቅ ምንጭ ነው። ከላይ ሲታይ በደን የተከበበ ሰፊ ኩሬ ይመስላል፤ ከበታቹ ግን ከ50 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው አፍ አለ፤ አንድ ሙሉ ወንዝ የሚወጣውም ከዚያ አፍ ነው። በ1930 ከወለሉ የተነሣው የማስቶዶን አፅም፣ ማለትም ከዝሆን ጋር የሚዛመድና ከምድር የጠፋ ግዙፍ እንስሳ አጥንት፣ ዛሬ ታላሃሲ በሚገኘው ሙዚየም ቆሞ ይታያል።

ምንጩን ለመረዳት የአካባቢውን መሬት አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ታላሃሲ የተቆረቆረችበት ሰሜናዊው ክፍል ከፍ ያለና በሸክላ አፈር የተሸፈነ በመሆኑ ዝናቡ ወደ ታች ሳይሰርግ በጅረት መልክ በገጸ ምድር ይፈሳል። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደተሄደ ግን መሬቱ በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሸክላው ያልቅና የኖራ ድንጋዩ ከስስ አሸዋ በታች ይቀርባል። ከሰሜን እየፈሰሱ የመጡት ጅረቶች እዚህ ሲደርሱ አንድ በአንድ ይዋጣሉ። ፊሸር ክሪክ፣ ብላክ ክሪክ፣ መንሰን ስሉ የተባሉት ሁሉ መጨረሻቸው መሬት ውስጥ የሚከፈት ጉድጓድ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ሎስት ክሪክ፣ «የጠፋው ጅረት» ይባላል። በእነዚህ ጅረቶችና በዋኩላ መካከል ጣራቸው ተደርምሶ እንደ ጉድጓድ የተከፈቱና ውሃ የሞላቸው ስምጦች በጫካው ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ፤ ሊዮን ሲንክስ የሚባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ የተቀመጡትን ስምጦች ያየ ማንም ሰው በእርሳስ ሊያገናኛቸው ይፈተናል፤ ለረጅም ጊዜ የነበረውም ከዚህ የእርሳስ መስመር አልፎ አልሄደም።

ለግምቱ መሠረት የሆነ አንድ የአደባባይ ምልክት ነበር። ዋኩላ በጥራቱ የታወቀ፣ ጎብኚዎች የታችኛው ወለል መስተዋት በሆነ ጀልባ ተቀምጠው ጥልቁን ያዩበት የነበረ ምንጭ ሲሆን፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን ውሃው እንደ ሻይ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ጭቃ አይደለም፤ ከረግረግና ከደን የበሰበሰ ቅጠል የሚወጣ ቀለም ነው፤ ይህን ቀለም የሚይዙት ደግሞ ከሰሜን መጥተው የሚዋጡት ጅረቶች ናቸው። ስለዚህ ምንጩ ዝናቡ ከዘነበ ብዙም ሳይቆይ በጠቆረ ቁጥር፣ ከተዋጡት ጅረቶች ቢያንስ አንዱ በሰፊ መንገድ ወደዚያ እየደረሰ መሆኑን ይናገራል። የትኛው ጅረት በየትኛው መንገድ እንደደረሰ ግን ቀለሙ ብቻውን አይለይም።

ጠላቂዎች ወደዚህ ዋሻ መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በተራ አየር ሲሊንደር ገብተው ከአፉ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀው ተመለሱ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ መሣሪያ ገና አልነበረም። ችግሩ ጥልቀቱ ነው። የዋኩላ ዋና መተላለፊያዎች ከ80 እስከ 90 ሜትር ጥልቀት ላይ ያሉ ናቸው፤ በዚህ ጥልቀት ያለው ግፊት ከውሃ በላይ ካለው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በአሥር እጥፍ ግፊት አንድ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው ጋዝም አሥር እጥፍ ነው። ከአየሩ ውስጥ ናይትሮጅኑ እንደ መጠጥ ያሰክራል፣ ኦክስጅኑም ራሱ መርዝ ይሆናል፤ ለዚህ ነው የሚተነፈሰው ድብልቅ ብዙ ሂሊየም የሚኖረው። በ1987 ቢል ስቶን የሚመራው ቡድን ይህን ድብልቅና በውሃ ውስጥ የሚያርፉበትን ጓዳ ይዞ ዋኩላ ላይ ሰፊ ምርመራ አካሄደ። ስቶን በዚያው ዘመቻ የወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያውን በውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ቆይቶ ፈተሸው። ይህ መሣሪያ ጋዝ ስለማያባክን ለረጅም ዋሻ የሚሆን እሱ ነው፤ በኋላ ርቀው የገቡት ጠላቂዎችም በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተጠቅመዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የያዘው የውድቪል ካርስት ሜዳ ፕሮጀክት (ካርስት ውሃ ድንጋዩን አሟሙቶ የቦረቦረው መሬት ነው) በሚል ስም የሚታወቀው የበጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ማኅበር ነው። ስለ አሠራራቸው በዝርዝር መናገር የምፈልገው «ተገናኘ» የሚሉት ምን ሲሆን እንደሆነ የሚታወቀው በዝርዝሩ ውስጥ ስለሆነ ነው። ጠላቂው አዲስ መተላለፊያ ሲገባ ከኋላው ቀጭን የናይሎን ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ በየ3 ሜትሩ ቋጠሮ አለበት። ገመዱ አቅጣጫ በሚቀይርበት በእያንዳንዱ ቦታ ድንጋይ ላይ ይጠመጠማል፤ ጠላቂው ቋጠሮዎቹን ቆጥሮ፣ የኮምፓሱን ንባብና ጥልቀቱን በእጁ በያዘው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ርቀት፣ አቅጣጫ፣ ጥልቀት፤ ካርታ የሚባለው የእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ተከታታይ ድምር ነው። በየመንገዱም ወደ መውጫው የሚያመለክት ቀስት ቅርጽ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ገመዱ ላይ ይሰካል፤ ደለል ተነሥቶ ብርሃን ሲጠፋ ጠላቂው በጣቱ ዳስሶ አቅጣጫውን ያውቃል። ሁለት ዋሻዎች ተገናኙ የሚባለው እንግዲህ ከአንደኛው አፍ ጀምሮ የተዘረጋው ገመድ ከሌላኛው አፍ ከመጣው ገመድ ጋር ሲታሰር ብቻ ነው። መብራት ከሩቅ ታየ፣ ካርታው ላይ አሥር ሜትር ብቻ ቀረ፣ የውሃው ግፊት ይሰማል የሚለው ሁሉ አይቆጠርም። ይህ ጥብቅነት ለክብር መዝገብ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ገመድ ተቋርጦ የቀረባቸው ጠላቂዎች ስለሞቱ የመጣ ልማድ ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው ፓርከር ተርነር በ1991 በዚያው አካባቢ በሚገኘው ኢንዲያን ስፕሪንግ ውስጥ፣ የመተላለፊያው አሸዋ ተንዶ መውጫውን ስለዘጋበት ሕይወቱ አልፏል።

ሐምሌ 28 ቀን 2007 የማኅበሩ ጠላቂዎች ከሊዮን ሲንክስ በኩል የተዘረጋውን ገመድ ከዋኩላ ገመድ ጋር አገናኙ። በዚያች ቀን ሁለቱ ዋሻዎች በይፋ አንድ ሆኑ፤ የጠቅላላው ዋሻ ርዝመትም በተከታታይ ልኬት ከ51 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2007፣ ጃሮድ ጃብሎንስኪና ኬሲ ማኪንሌይ የተባሉ ሁለት ጠላቂዎች ተርነር ሲንክ በሚባለው ስምጥ ገብተው በዋኩላ ምንጭ ወጡ። በባትሪ በሚሠራ ጎታች ሞተር እየተሳቡ የተጓዙት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጉዞው ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ከዚያ በኋላ በደማቸው የሰረገው ጋዝ በዝግታ እስኪወጣ ድረስ 14 ሰዓት ያህል በውሃ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየቆሙ መጠበቅ ነበረባቸው። የውሃው ሙቀት ከ20 እስከ 21 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች ደስ የሚል ቁጥር ቢመስልም ሃያ አንድ ሰዓት ለተቀመጠበት ሰው ግን አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የዋሻ መርማሪዎች ዘንድ ትልቁ ዋሻ ትንሹን ሲያገኝ የትንሹ ስም ይቀራል የሚል ልማድ አለ። በጥር 2018 በሜክሲኮ ቱሉም አካባቢ ሳክ አክቱን የተባለው የውሃ ውስጥ ዋሻ ከዶስ ኦሆስ ጋር ተገናኝቶ 347 ኪሎ ሜትር ሲሆን የዶስ ኦሆስ ስም በዚሁ ልማድ ተውጧል። እዚህ ግን ሁለቱም ስሞች በሰረዝ ተያይዘው «ዋኩላ-ሊዮን ሲንክስ» ተብለው ቀርተዋል። ስሙን ሲያነብ የሁለት ቦታ ታሪክ እንደነበረ አንባቢው ይረዳል፤ እኔ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የገመድ ማስረጃ ነው። ገመድ ሰው ሊያልፍበት የሚችል መንገድ መኖሩን ያለ ጥርጥር ያረጋግጣል፤ ሆኖም ውሃው በየት ወደየት እንደሚሄድ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ፣ ሰው በማያልፍባቸው ስንጥቆች በኩል ምን ያህሉ እንደሚያልፍ አይናገርም። ለዚህ የሚያገለግለው ቀለም ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ለጤና ጉዳት የሌለውና በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳን በመሣሪያ የሚታይ አንጸባራቂ ቀለም ውሃ በሚዋጥበት ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል፤ በሚጠረጠሩት ምንጮችና ጉድጓዶች ሁሉ ደግሞ ቀለሙን የሚይዝ የከሰል ዱቄት የያዘ ትንሽ የወንፊት ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ከረጢቶቹ በየጊዜው እየተቀየሩ ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ። በዋኩላ አካባቢ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተከታታይ የተደረጉት የቀለም ሙከራዎች የጠፉትን ጅረቶች አንድ በአንድ እየተከተሉ መድረሻቸውን አሳይተዋል።

ከሙከራዎቹ ሁሉ ትልቅ ነገር ያስከተለው የታላሃሲ ፍሳሽ ላይ የተደረገው ነው። ከተማዋ ከ1980 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሿን ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለ ሰፊ እርሻ ላይ ትረጭ ነበር፤ ሣሩና ሰብሉ ናይትሮጅኑን ይጠጣዋል፣ የቀረውንም አፈሩ ያጣራዋል የሚል አሳብ ይዛ። እርሻው ከዋኩላ ምንጭ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በድንጋይ ደቂቅ ቀዳዳዎች ብቻ የሚሄድ ውሃ ይህን ያህል ርቀት ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በ2006 እና በ2007 በእርሻው አካባቢ የተጨመረው ቀለም ግን ዋኩላ የደረሰው በሳምንታት ነው። ዓመታት ይወስዳል የተባለው በሳምንታት ሲያልቅ፣ ውሃው በወንፊት ሳይሆን በቧንቧ እየሄደ እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የዋኩላ ሰዎች ጉዳዩን የያዙት አለምክንያት አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም በታች የነበረው የምንጩ ናይትሬት፣ ማለትም በውሃ የሟሟና እጽዋትን የሚያፋፋ የናይትሮጅን ውሁድ፣ ወደ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ወጥቶ ነበር፤ በ1997 ደግሞ ሃይድሪላ የተባለ የውሃ አረም ምንጩ ላይ ታየና እየተስፋፋ ወለሉን ሸፈነው። ጣና በእምቦጭ ሲወረር ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም፤ ልዩነቱ ሃይድሪላ ከውሃው በላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ ከወለሉ መብቀሉ ነው። ከክርክርና ከስምምነት በኋላ ታላሃሲ የፍሳሽ ማጣሪያዋን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ አሻሻለች፤ የምንጩ ናይትሬትም ከቀድሞው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ግዛቲቱ ለምንጩ ያስቀመጠችው ግብ 0.35 ሚሊ ግራም ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በናይትሮጅን መጠን የተለኩ ናቸው። እኛ አገር የውሃ ጥራት ሪፖርት ላይ የምናየውና የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም ግን በናይትሬት መጠን የተለካ ነው። ሁለቱን ለማስተያየት የአሜሪካውን ቁጥር በ4.4 ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋኩላ በጣም በቆሸሸበት ጊዜ እንኳን ናይትሬቱ በእኛ አለካክ 5 ሚሊ ግራም እንኳን አይሞላም ነበር፤ ለመጠጥ ምንም አይልም። እነሱን ያሳሰባቸው አረሙ ነው። የድሬዳዋን ሪፖርትና የዋኩላን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ «የእነሱ ይብሳል» ወይም «የእኛ ይሻላል» ብሎ የሚደመድም ተማሪ በየዓመቱ ስለማይጠፋ ነው ይህን በዝርዝር ያነሣሁት።

የጉዳዩ እጅግ አስገራሚ ክፍል ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ነው። ከዋኩላ በስተ ደቡብ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ ስፕሪንግ ክሪክ የሚባሉ ከባሕር ወለል የሚፈልቁ ምንጮች አሉ። ዝናብ ሲበዛ ከእነዚህ ምንጮች ብዙ ጣፋጭ ውሃ ወደ ባሕሩ ይወጣል። ዝናብ ሲጠፋ ግን የጣፋጩ ውሃ ግፊት ይቀንስና የባሕሩ ጨዋማ ውሃ በምንጮቹ አፍ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ጨዋማ ውሃ ከጣፋጩ ስለሚከብድ መተላለፊያው ውስጥ ተኝቶ እንደ ውታፍ ይዘጋዋል። ከዚያም የሎስት ክሪክ ውሃ፣ ወትሮ ወደ ስፕሪንግ ክሪክ ይሄድ የነበረው፣ መውጫ ሲያጣ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ዋኩላ ይሄዳል። ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ውታፉን እስኪገፋው ድረስ በዚሁ ይቆያል፤ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። መንገዱ ያው፣ ድንጋዩ ያው፣ ቀዳዳው ያው ሆኖ ሳለ ውሃው ግን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። ቀለሙን በአንደኛው ወቅት የጨመረ ተመራማሪ «ሎስት ክሪክ ከዋኩላ ጋር አይገናኝም» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልጻፈም፤ ሌላው በሌላው ወቅት ጨምሮ «ይገናኛል» ቢልም እንዲሁ።

ወደ እኛ ከተማ ስመለስ አስቀድሜ ልዩነቱን መናገር ይገባኛል። የፍሎሪዳው ድንጋይ በዕድሜ ወጣት፣ ገና ያልጠነከረና እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ነው። የእኛ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ ጠንካራና የስምጥ ሸለቆው መከፈት ደጋግሞ የሰነጠቀው ነው። ስለዚህ ውሃው በእኛ ዘንድ የሚከተለው በአብዛኛው ስብራቶቹን ነው። ዓይነቱ ቢለይም የሚሟሟ ድንጋይ መሆኑ ግን ያው ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ የሚታየው፣ ፈረንሳውያኑ ተያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1929 ያገኙት የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ያለ ነው። ባሌ የሚገኘው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻም የኖራ ድንጋይ ውጤት ነው፤ እዚያ የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሲወጣ በዓይን ስለሚታይ መገናኘቱን ለማረጋገጥ እግርና ባትሪ ብቻ ይበቃል።

የከተማችን ውሃ የሚመጣው ከጉድጓድ ነው። የሐረርም ነገር ከዚህ ተለይቶ አይታይም፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ጊዜ ወዲህ ሐረር ከምትጠጣው ከፊሉ ከድሬዳዋ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ አካባቢ ጉድጓዶች ተስቦ ዳገቱን የሚወጣ ውሃ ነው። ከድሬዳዋ ጉድጓዶች ደግሞ ከተማው ውስጥና በአቅራቢያው ባሉት ናይትሬት ከፍ ማለቱ በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል፤ ዋነኛው ተጠርጣሪም የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ የትኛው የመጸዳጃ ጉድጓድ ከየትኛው የውሃ ጉድጓድ ጋር ይገናኛል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት መልስ ክብ መሣል ነው። በውሃ ጉድጓዱ ዙሪያ ይህን ያህል ሜትር ይለካና በክቡ ውስጥ ምንም እንዳይሠራ ይከለከላል። አሸዋ ላይ ይህ ክፉ ዘዴ አይደለም። ኖራ ድንጋይ ላይ ግን ክቡ ለወረቀቱ ካልሆነ ትርጉም የለውም፤ በዋኩላ ያለውን ያስተዋለ ሰው 16 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው እርሻ ከምንጩ አጠገብ ካለው ቤት ይልቅ «ቅርብ» ሊሆን እንደሚችል ያያል። ሠላሳ ዓመት ያህል ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ባለሙያ ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ነግረውኛል። «ጋሼ፣ ኖራ ውስጥ ባዶ ቦታ መኖሩን በምን ታውቁ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ማሽኑ ነው የሚነግርህ፤ እየጮኸ ሲበላ ይቆይና በድንገት ጸጥ ብሎ ዘንጉ ክንድ ያህል ይወርዳል፤ ስትልከው የነበረው ጭቃም ወደ ላይ መመለሱን ያቆማል፤ የት እንደሄደ እንጃ» አሉኝ። ዘንጉ የወደቀበት ያ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ፣ ጭቃቸውን የዋጠው ያ መንገድ፣ በቁፋሮ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። እነዚያን መስመሮች ከየመዝገቡ ለቅሞ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም ቀለም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጪው የወረቀትና የትዕግሥት ብቻ ነው።

ቀለም መጨመሩን በተመለከተ ከሎስት ክሪክ የተገኘው ትምህርት በቀጥታ ደቻቱን ይመለከታል። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ውሃ ሲመጣበት ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎችን ሊወስድ ይችላል። በበጋ ተደርጎ ምንም ያላሳየ ሙከራ በክረምት ስለሚሆነው አይናገርም፤ ስለዚህ ሙከራው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በደረቁ አንድ ጊዜ ጎርፍ ከወረደ በኋላ፣ መደረግ ይኖርበታል።

ቀለሙ ከመጨመሩ በፊት ደግሞ በጉድጓዶቹ ውስጥ ቀድሞ የሚያንጸባርቅ ነገር መኖር አለመኖሩ ይለካል። የልብስ ሳሙና ዱቄት፣ እኛ ሁሉንም ኦሞ የምንለው፣ ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ አንጸባራቂ ነገር አለበት፤ ይህም የሙከራውን ንባብ ያበላሻል። ግን ያው እንቅፋት ራሱን የቻለ ርካሽ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር ያሉ የዋሻ ውሃ ተመራማሪዎች ያልነጣ ጥጥ በምንጭና በጉድጓድ መውጫ ላይ አንጠልጥለው ለቀናት ይተዉታል፤ ጥጡ አንጸባራቂውን ነገር ከውሃው እየሳበ ይይዛል፤ ከዚያ አውጥተው አጥበው በጨለማ ውስጥ ሐምራዊ መብራት ያበሩበታል። ሰማያዊ ካበራ የሰው ቤት የልብስ እጣቢ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የእኛ ገበያ ያልተነከረና ያልነጣ ጥጥ ሞልቶበታል፤ መብራቱም ባለሱቁ የብር ኖት የሚመረምርበት ያው ትንሽ መብራት ነው። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ ይህ አንጸባራቂ ነገር በአፈርና በሸክላ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል። ስለዚህ ጥጡ ካበራ በመጸዳጃው ወይም በማጠቢያው እና በጉድጓዱ መካከል ውሃው ሳይጣራ የሚሮጥበት ክፍት መንገድ አለ፤ ካላበራ ግን መንገድ የለም ማለት ሳይሆን አንጸባራቂው በመንገዱ ላይ በአሸዋው ተይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ናይትሬቱ ግን በአሸዋ ስለማይያዝ ወደ ጉድጓዱ ያልፋል።